የጠፋው ከድቶ ቢሆንስ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዚህ ዕትም የምናነሣው ጥያቄ መጀመሪያ ሲሰሙት የወታደር እንጂ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ጥያቄ አይመስልም። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ወታደር በሌሊት ከምሽጉ ጠፋ እንበል። ተማርኮ ይሁን፣ ታሞ በዱር ወድቆ ይሁን፣ ወይስ ጓደኞቹን ከድቶ በገዛ እግሩ ሄዶ ይሁን በርግጥ የሚያውቅ የለም፤ ነገር ግን ብዙዎቹ «ከድቷል» ብለው ይጠረጥሩታል። እንግዲህ አዛዡ ይህን ሰው ለማስመለስ ሌሎቹን ወታደሮች ለሞት ወደሚያሰጋ ቦታ መላክ ይገባዋልን? ወይስ «የገዛ ሥራው ነው» ብሎ ሊተወው ይችላል?

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለውን የጠፋውን በግ ምሳሌ በተማርንበት ሳምንት ይህን አንሥተን ስንወያይ ለሁለት ተከፈልን። ገሚሶቻችን «እረኛው ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዱን ፈልጓል፤ ነገሩ ያለቀ ነው» አልን። ገሚሶቻችን ደግሞ «በጉ መንገድ ስቶ ነው እንጂ ከጅብ ጋር ተስማምቶ አልሄደም» ብለን መለስን። ሳቅ ሆነ። ከሳቁ በኋላ ግን አንዲት እኅታችን «የሚፈልጉት በመንገድ ቢሞቱ ለእናቶቻቸው ምን ይባላል?» ስትል ሁላችንም ዝም አልን። ይህንን ጽሑፍ የምናቀርበው ያንን ዝምታ እንዲሁ ማለፍ ስላልወደድን ነው።

እኛ የገንዳ ውሃ ልጆች ስለዚህ ጉዳይ ለማሰብ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ከከተማችን ወደ ሱዳን ድንበር የሚወስደው መንገድ መተማ ዮሐንስ ያደርሰናል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ በጥይት የተመቱት በዚያ ነው። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደር ድረስ ዘልቆ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጥሎ ስለነበር ሠራዊቱ የሄደው በቁጣ ተነሣሥቶ ነበር። የድርቡሽን የእሾህ አጥር ጥሶ ገብቶ፣ ድሉን ሊጨብጥ ጥቂት ሲቀረው «ንጉሡ ተመቱ» የሚል ወሬ ተሰማ። ጦሩ ወደ ኋላ አለ። ንጉሡም ራስ መንገሻ ልጃቸውና ወራሻቸው መሆኑን ተናዝዘው ዐረፉ። ያ ስፍር ቁጥር ያልነበረው ሠራዊት ወደየአገሩ መበተን ጀመረ።

ከንጉሡ አስከሬን ጋር የቀሩት ጥቂቶች ናቸው። አስከሬኑን በሳጥን አድርገው ይዘው ሲጓዙ የድርቡሹ አዛዥ ዘኪ ቱማል ሰዎች ተከታትለው በአትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሱባቸው፤ አትባራ ማለት ሽቅብ ወደ እኛ ሲመጣ ጓንግ የምንለው ወንዝ ነው። የንጉሡ አጎት ራስ አርአያ ድምፁ በዚያ ቦታ ጥይታቸውን ከጨረሱ በኋላ ጋሻና ጎራዴ ይዘው በሳጥኑ አጠገብ እንደቆሙ ሲዋጉ መሞታቸውን የዘመኑ ጸሐፊዎች ተርከዋል። አስከሬኑ ግን አልተረፈም። የንጉሡ ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ለኸሊፋ አብዱላሂ ተላከ።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የምናነሣው የራስ አርአያን ጀግንነት ነው፤ ይገባልም። ነገር ግን እስቲ ለአንድ አፍታ ስለ ሌላው ሰው እናስብ። ያን ሌሊት ወደ ደጋ መመለስ ስለጀመረው ስም የለሽ ወታደር፣ እንዲሁም ጨርሶ ወደ ቤቱ ስላልተመለሰው። ከመተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን ተማርከው ወደ ሱዳን ተወስደዋል። በደጋ ያለች አንዲት ሚስት ባሏ ሳይመለስ ክረምቱ ቢገባ ምን ብላ ትጠብቅ? ሞቶ ይሆን? ተማርኮ ይሆን? ወይስ ጥሏት ሌላ አገር ገብቶ ይሆን? ከሩቅ ሲታይ ሦስቱም አንድ መልክ አላቸው፤ ሰውየው የለም። እኛ የምንሰጠው ስም ግን አንዱን ሰማዕት፣ አንዱን ምስኪን፣ አንዱን ከሃዲ ያደርገዋል። ስሙን የምንሰጠውም አብዛኛውን ጊዜ ከማወቃችን በፊት ነው።

ሕጉ እንኳ በዚህ ረገድ ከሰፈር ወሬ ይልቅ ጥንቁቅ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን ከጦሩ መኮብለልንና ያለ ፈቃድ መቅረትን ለይቶ ይመለከታል። ልዩነቱ ያለው በሐሳቡ ላይ ነው፤ ሰውየው ከአገልግሎት ለማምለጥ አስቦ ነው ወይስ በሌላ ምክንያት? ሐሳብ ደግሞ በዱካ አይታወቅም። ሰውየውን አቅርቦ፣ ጠይቆ፣ ምስክር ሰምቶ ነው የሚታወቀው። ስለሆነም «ከሃዲ ስለሆነ አንፈልገውም» የሚል አዛዥ ሳይታወቀው ዳኛ ሆኗል፤ ያውም ተከሳሹን ሳይሰማ የፈረደ ዳኛ። ፍርዱም ይግባኝ የሌለው የሞት ፍርድ ሊሆን ይችላል።

ይህን ለመረዳት ወታደር መሆን አያሻም። በየዓመቱ ሰሊጥ ሲደርስ ከደጋው ስንቱ ወጣት ወደ ቆላችን እንደሚወርድ እናውቃለን። ከእነርሱ አንዱ አንድ ጧት ከማሳው ይታጣል። መጀመሪያ የሚነገረው ቃል ምንድር ነው? «ቅድሚያ ተቀብሎ ጠፋ» ነው። ምናልባትም እውነት ነው፤ እንዲህ የሚያደርግ ሰው አይጠፋም። ምናልባት ግን ወባ ጥሎት ከአንድ ግራር ሥር ተኝቶ ይሆናል፣ ወይም እባብ ነድፎት። ሰሊጥ ደግሞ እንደምታውቁት ጊዜ አይሰጥም፤ በወቅቱ ካልታጨደ ቆባው ተከፍቶ ፍሬው መሬት ይበተናል። ስለዚህ አንድ ሰው ለመፈለግ አምስት ሰው ከአጨዳ ማስቀረት የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። እዚህ ላይ ነው «ከድቶ ነው» የሚለው ቃል የሚጠቅመን። ከወጪ ያድነናል። ሰውየው ሌባ ከሆነ የመፈለግ ግዴታ የለብንማ! ጥርጣሬያችን ከምቾታችን ጋር እንዲህ በተስማማ ቁጥር ጥርጣሬውን ደግመን ብንመረምረው ደግ ነው።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 30 የተጻፈውን ግብፃዊ ብላቴና አስታውሱ። ጌታው አማሌቃዊ ነበር፤ ብላቴናው በታመመ ጊዜ በሜዳ ጥሎት ሄደ። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት እህልና ውኃ ሳይቀምስ ቆይቶ የዳዊት ሰዎች አገኙት፤ እንጀራና ውኃም ሰጡት፤ በለስና ዘቢብም አበሉት። እርሱም ዳዊትን የተማረኩት ቤተሰቦቹ ወዳሉበት ሰፈር መራው። ከአማሌቃውያን ወገን ሆኖ ለሚያይ ያ ብላቴና ከሃዲ ነው። ለመሆኑ ግን ማን ማንን ቀድሞ ከዳ?

ወደ ዘመናችን እንምጣ። የዚህ ጥያቄ ዝነኛ ምሳሌ የአሜሪካው ወታደር የቦው በርግዳል ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2009 በአፍጋኒስታን፣ ፓክቲካ በሚባለው ግዛት ካለው የጦር ሰፈሩ በገዛ ፈቃዱ ወጥቶ ሄደ፤ ወዲያውም በታሊባን ወገን ባሉ ተዋጊዎች እጅ ወደቀ። ጓደኞቹ በሙቀቱና በአቧራው ለሳምንታት ፈለጉት። በፍለጋው የተነሣ የቆሰሉ አሉ፤ ከእነርሱ አንዱ ጭንቅላቱን ተመቶ መራመድም መናገርም ተስኖት 10 ዓመት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2019 ዐርፏል። በርግዳል አምስት ዓመት ያህል በመከራ ተይዞ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 በጓንታናሞ ታስረው በነበሩ አምስት የታሊባን ሰዎች ተለወጠ። አገሩ ሲመለስ ግማሹ ሕዝብ እልል አለ፤ ግማሹ ተቆጣ። እ.ኤ.አ. በ2017 በጦር ፍርድ ቤት መኮብለሉን አምኖ ከሠራዊቱ በውርደት ተሰናበተ፤ እስራት ግን አልተፈረደበትም። ይኸው ፍርድም እ.ኤ.አ. በ2023 በሌላ ዳኛ ተሽሯል።

በዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እናስተውላለን። አንደኛው፣ ጥርጣሬው እውነት ሆኖ መገኘቱ ነው። ሰውየው በርግጥ በገዛ እግሩ ሄዷል። ሁለተኛው ግን በመጀመሪያይቱ ሌሊት ማንም ያላመዛዘነው ነገር ነው። ይህ ወጣት ቀደም ሲል ወደ ባሕር ጠረፍ ጥበቃ ገብቶ ሥልጠናውን ሳይጨርስ በአእምሮ ጭንቀት ምክንያት የተሰናበተ ነበር። ምድር ጦሩ ይህንኑ በልዩ ፈቃድ አልፎ ተቀበለው። ከተመለሰ በኋላም ሐኪሞች የአእምሮ ሕመም እንዳለበት መስክረዋል። የሄደበትን ምክንያት ሲጠየቅ በክፍሉ አመራር ላይ ያለውን ቅሬታ ለበላይ አዛዦች ለማሰማት ወደ ሌላ ሰፈር በእግሩ ሊደርስ እንዳሰበ ተናግሯል። ሞኝነት ነው፤ በዚያ አገር በሌሊት ብቻውን ይህን ያሰበ ሰው አእምሮው ደኅና አልነበረም። ታዲያ ሊሸከመው የማይችለውን ሸክም ያሸከመው ሠራዊት ሸክሙ ሲጥለው «አላውቅህም» ሊለው ይችላል?

ይህን ስንል ግን የዚያችን እኅታችንን ጥያቄ አልዘነጋንም። ጭንቅላቱን የተመታው ወታደር ምንም አላጠፋም፤ ቤተሰቡም አላጠፋም። የጠፋውን የማስመለስ ግዴታ አለ ብሎ በብራና ላይ መጻፍ ቀላል ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ጸሐፊው አይደለም። እኛም በሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ጥላ ሥር ተቀምጠን የምንጽፍ ነንና ይህ ቃል እኛንም ይመለከታል።

የበጉ ምሳሌ ያልተሟላ ሆኖ የተሰማን በዚህ ምክንያት ነው። ምሳሌው ጎድሎ አይደለም፤ እኛ ስንጠቅሰው የምናልፈው ነገር ስላለ ነው። እረኛው በጉን ለመፈለግ የሄደው ራሱ ነው። ምንደኛ አልላከም፤ ከዘጠና ዘጠኙም አሥሩን መርጦ «ሂዱና አምጡት» አላለም። እሾሁ የወጋው፣ ገደሉ ያሰጋው፣ በትከሻው የተሸከመውም እርሱ ነው። አዛዥ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሄድ ሳይሆን የሚልክ ነው። ራስ አርአያም በአትባራ ዳር የቆሙት ማንም «ቁም» ስላላቸው አይደለም። የገዛ ነፍሳቸውን ሰጡ እንጂ የሌላ ሰው ልጅ ነፍስ አልሰጡም።

ሌሎችን ለሚልክ ሰው ከምሳሌው ይልቅ የሚስማማው በሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 23 ያለው የዳዊት ታሪክ ይመስለናል። ዳዊት ተጠምቶ በቤተ ልሔም በር ካለችው ጉድጓድ ውኃ ተመኘ። ቦታው በፍልስጥኤማውያን እጅ ነበር። ሦስት ኃያላን የጠላትን ሰፈር ሰንጥቀው ገብተው ቀድተው አመጡለት። በቆላ ፀሐይ የኖርን ሰዎች ያ ውኃ ምን ያህል እንደሚያጓጓ እናውቃለን። ዳዊት ግን አልጠጣውም፤ የሰዎቹን ደም እንደመጠጣት ቆጥሮ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው። ልብ በሉ፤ ሦስቱን አልገሠጻቸውም፣ ድፍረታቸውንም አላቃለለም። በእነርሱ ነፍስ የተገዛውን ነገር ለራሱ ጥማት ሊያደርገው ግን አልፈቀደም።

እንግዲህ አዛዡ ሌሎችን ከመላኩ በፊት ሊመረምረው የሚገባው የጠፋውን ሰው ሳይሆን የራሱን ጥማት ነው። የሚፈልገው ለምንድን ነው? ወንድም ስለጠፋ ነው? ወይስ ስሙ ስለተነካ፣ የበላዮቹ ስለሚጠይቁት፣ ከሃዲውን ይዞ ለሌሎቹ መቀጣጫ ለማድረግ? በቁጣ የሚፈልግ ሰው ከመጠን በላይ ይልካል፤ ሰው እየሞተም ይገፋል። በንቀት የሚፈልግ ደግሞ ሁለት ሰው ለይምሰል ልኮ «ፈልገን አጣነው» ብሎ ይጽፋል። የእኛ አሳብ እንደሚከተለው ነው። የተጠረጠረው ሰው ከሁሉ የተወደደው ታማኙ ወታደር ቢሆን ኖሮ ምን ያህል ይደፈርለት ነበር? ለዚህም ያን ያህል ይደፈር፤ ከዚያም አይነስ፣ ከዚያም አይብለጥ። ለታማኙ እንኳ ሃያ ሰው ወደማይመለስበት ሸለቆ የማይልክ አስተዋይ አዛዥ ለተጠረጠረውም አይልክም። ለታማኙ ሌሊቱን የሚያስስለት ግን ለዚህም ያስስ። የሚላኩትም እውነቱ ይነገራቸው፤ የሚፈልጉት ሰው ምናልባት ሊገኝ የማይፈልግ መሆኑን አውቀው ይሂዱ። አዛዡም ቢቻል ከፊት ይሁን። መሣሪያ ብቻም መንገድ አይደለም። የጠረፍ ሰዎች ነንና ጥይት ያላስመለሰውን ሽማግሌ እንደሚያስመልሰው እናውቃለን፤ በርግዳልም በመጨረሻ የተመለሰው በድርድር ነው።

«ታዲያ ከሃዲንና ታማኝን አንድ ማድረግ አይሆንም?» የሚል ይኖራል። ከባድ ተቃውሞ ነው። መልሳችን ግን እነርሱን የሚለየው ፍርድ እንጂ ፍለጋ አይደለም የሚል ነው። ይመለስና ይፈረድበት፤ ጥፋቱ ከተረጋገጠ ይቀጣ። ደግሞም ተስፋው ከጥርጣሬ በፊት የሚቆም ካልሆነ ለታማኙም አይሆንም። ከ1943 እስከ 1945 ዓ.ም. በኮርያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቆች ከ120 በላይ ሰው ሞቶባቸዋል፤ ምርኮኞች በተለዋወጡ ጊዜ ግን ከጠላት እጅ የተመለሰ አንድም ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ሙታናቸውንና ቁስለኞቻቸውን ትተው አለመሄዳቸው እስከ ዛሬ ይነገርላቸዋል። በሌሊት ለቅኝት የሚወጣ ወታደር የሚወጣው ይህን ተማምኖ ነው። «ከጠፋህ መጀመሪያ ታማኝ መሆንህን እንመረምራለን» ቢባል ግን የትኛው ይወጣል? በሌሊት የጠፋን ሰው መጠርጠር ማንን ያቅተዋል?

ፍርሃትን በሚመለከት መጽሐፍ ቅዱስ ከእኛ ይልቅ ይራራል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 20 ሹማምንቱ ልቡ የፈራውን ሰው ወንድሞቹን እንዳያስፈራ ወደ ቤቱ እንዲመልሱት ታዘዋል። ጌዴዎንም ከ32,000 ሰው 22,000 የሚሆኑት ፈርተው ሲመለሱ አንድም አሳዳጅ አልላከባቸውም። በሩ አስቀድሞ ተከፍቶላቸው ነበርና። ሊመለስ የሚችልበት በር የተዘጋበት ሰው ነው በሌሊት አጥር የሚዘልለው።

ቅዱስ ማርቆስንም እናስብ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 13 እንደሚነግረን ከጳውሎስና ከበርናባስ ጋር ወጥቶ ጵንፍልያ ሲደርሱ ትቷቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ። ለምን እንደተመለሰ መጽሐፉ አይናገርም። ጳውሎስ ግን በልቡ ይዞት ነበርና በሁለተኛው ጉዞ «ይህን አንወስድም» አለ፤ ጠቡም ሁለቱን ሐዋርያት እስከ መለያየት አደረሳቸው። በርናባስ ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ ሄደ። ከዓመታት በኋላ ጳውሎስ ራሱ በእስር ሳለ ማርቆስን እንዲያመጣለት ለጢሞቴዎስ ጻፈ፤ ለአገልግሎት ይጠቅመዋልና። ወደ 1600 ዓመት ያህል ቤተ ክርስቲያናችን ጳጳሳቷን ስትቀበል የኖረችው ከእስክንድርያው መንበረ ማርቆስ ነው። በርናባስ በዚያ ቀን ከጳውሎስ ጋር ተስማምቶ ቢሆን ኖሮ ያ ሰው የት ይቀር ነበር? በርናባስም ቢሆን ማርቆስን ለመመለስ የከፈለው የራሱን ነው፤ ከጳውሎስ ጋር የነበረውን ወዳጅነት።

ወደ ሟቹ እናት እንመለስ። በፍለጋ ላይ ለሞተው ልጅ እናት የሚነገር የሚያጽናና ቃል እኛ አላገኘንም። «ልጅሽ የሞተው ለከሃዲ ነው» የሚላት ሰው ግን ሁለት ጊዜ ይበድላታል፤ ያላወቀውን ስለሚናገር፣ ደግሞም የልጇን ሥራ በሌላው ሰው ጥፋት ስለሚመዝን። ልጇ በወጣበት ሰዓት የወጣው ሰው ጠፍቶ ስለነበር ነው። ያን ሰዓት የሚታወቀው ይህ ብቻ ነበር። አዛዡ ደጃፏ ድረስ ራሱ ሄዶ ይህንኑ ሊነግራት፣ ምን አውቆ ምን ሳያውቅ እንደላከውም ሳይደብቅ ሊነግራት ይገባዋል። ብትረግመውም ቆሞ ይስማ።

ከመካከላችን ይህን የማይቀበሉ ወንድሞች አሁንም አሉ። አንዱ «ለመሄድ ፈቃደኛ የሆነ ብቻ ይሂድ እንጂ ማንም አይታዘዝ» ይላል፤ በዚህ ላይ ገና አልተስማማንም። የእናንተን አሳብ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ እስከሚቀጥለው ዕትም ለክፍላችን እንድትሰጡን እንለምናለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።